ቅጠሉን ብቻ አትላኩልኝ፤ ሥሩንም አሳዩኝ

  

ህዳር ከገባ ወዲህ በቴሌግራም የሚደርሰኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ ቢጫ ቅጠል። አንዳንዱ ቀዳዳ አለው፣ አንዳንዱ ጠርዙ ደርቋል፣ ግን ያው ቅጠል ነው፣ ያውም ከላይ ብቻ የተነሳ። ከሥሩ የሚጻፈውም ያው ነው፦ «ባለሙያ፣ ብሮኮሊዬ እንዲህ ሆነብኝ፣ ምን ልርጭበት?»

«ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው። ሌላው የሚጠይቀኝ ምን እንደሚረጭ ነው። ዛሬ በዚህ ላይ ያለኝን ሐሳብ ልጻፍ። በበጋ በጓሯችን ብሮኮሊ ላይ ከማያቸው ችግሮች አብዛኞቹ በመርጫ የሚድኑ አይደሉም። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም ቢሆኑ ምንነታቸው ሳይታወቅ ከተረጨባቸው ገንዘብ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። ይኼን ስል ጥፋቱን እናንተ ላይ ብቻ አልጥልም። ፎቶ አይተን፣ ከተቀመጥንበት ሳንነሳ የመድኃኒት ስም የምንጽፍላችሁ እኛው ባለሙያዎቹ ነን።

እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። አንዲት እናት ከቤታቸው ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ብሮኮሊ ተክለው ነበር። ገዥም አግኝተው የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም በሱ ሊሸፍኑ አስበዋል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ ብለው በልጃቸው ስልክ ፎቶ ላኩልኝ። የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ሲሆን የተማርነው «ናይትሮጅን አንሶታል» የሚል ነው። እኔም «ዩሪያ ጨምሩበት» ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከአሥር ቀን በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩና አንዱን ተክል ነቀልኩት። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ ልጡ በጣት ሲነካ ይገፈፋል፣ ይሸታል። ለካ ከበላይ ያለው የመስኖ ቦይ ሌሊት ሌሊት እየሰረገ መደቡን ሲያረሰርሰው ከርሟል። ችግሩ የውኃ ብዛት ነበር፤ መፍትሔውም አንድ ሰው በግማሽ ቀን የሚቆፍራት የማንጣፈፊያ ቦይ። እኔ ግን ሥሩ ለበሰበሰ ተክል ማዳበሪያ አሸከምኩት። እሳቸው አልተቆጡኝም። «ምን ይደረግ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ፦ ሳልነቅል አልናገርም። እናንተንም የምለምናችሁ ይኼንኑ ነው። ከታመሙት ውስጥ አንዱን፣ ጨርሶ ያልሞተውን፣ በመኮትኮቻ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት። ጎትታችሁ አትንቀሉ፤ የሚታየው ነገር እዚያው አፈር ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። አጠገቡ ካለው ደህና ተክልም አንድ ብትነቅሉ ጥሩ ነው፤ ሳታወዳድሩ መለየት ይከብዳል። «ሁለት ተክል ላጣ?» የሚለኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ ሃምሳውንም ልታጣ ነው እኮ!

ደህና ሥር ነጭ ወይም ነጣ ያለ ነው፣ ቀጫጭን ጸጉር የመሰለ ሥር ይበዛዋል። ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል፣ ወይም ውኃውን ተከትሎ የሚመጣው የሥር አበስብስ ገብቷል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ጭቃ ከሆነ ለጥቂት ቀን ውኃ አቁሙ። በብርድ ወራት ተክል የሚጠጣው ውኃ ያንሳል፤ በሚያዝያ ባጠጣንበት ልማድ በታህሳስ ማጠጣት ብዙ ጓሮ አጥፍቷል።

ሥሩ እንደ ዝንጅብል ተጣሞና አብጦ ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። ክለብ ሩት የሚባለው በሽታ ነው። ተክሉ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ በማግሥቱ እንደገና ይጠወልጋል። ባለቤቱ «ውኃ ጠማው» ብሎ ያጠጣል፣ ይብስበታል። ይኼ በሽታ አሲዳማና እርጥብ አፈር ይወዳል። አንዴ ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። እሱን የሚያድን ርጭት የለም። የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ ኮምፖስት ውስጥ አለመጨመር፣ መኮትኮቻውንና ጫማውን ማጠብ፣ መሬቱን በኖራ ማከም፣ ያንን ቦታ ለረጅም ዓመታት ከጎመን ዘር መከልከል ነው። ከዚያ መደብ ችግኝ ለጎረቤት መስጠትማ ጭራሽ አይሆንም። መስጠት ባህላችን ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ችግኙ ሲሄድ በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

ትናንሽ ክብ ክብ እብጠቶች ካያችሁ ደግሞ ኔማቶድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት አይቻለሁ። ባቄላና አተር ሥር ላይ ያለውን ፍሬ መሰል እብጠት «ጥሩ ነው፣ ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሠራል» ብለን አስተምረናችኋል፣ ትክክልም ነው። አንዱ ገበሬ ይኼን ይዞ ብሮኮሊው ሥር ላይ ያለውን እብጠት አይቶ ደስ ብሎት ነበር። የጎመን ዘር ግን እንደዚያ ዓይነት ፍሬ አያበቅልም። ጎመን ሥር ላይ የምታዩት እብጠት ሁሉ ችግር ነው።

ተክሉ ጠዋት አፈሩ ላይ ተቆርጦ ተኝቶ ካገኛችሁት ደግሞ በሽታ አይደለም። አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉ። ተጠቅልሎ የተኛ ወፍራም ትል ታገኛላችሁ። ቆራጭ ትል ነው፤ ሌሊት ይበላል፣ ቀን ይተኛል። ለጓሮ የሚሆን መድኃኒቱ እጅ ነው። ችግኙን ስታዛውሩ ግንዱን በካርቶን ቁራጭ ብትከቡትም ይበቃል።

ሥሩ ደህና ከሆነ ወደ ቅጠሉ እንሂድ፤ ግን ገልብጡት። ብዙ ሰው የሚልክልኝ የቅጠሉን ፊት ነው፤ ታሪኩ ያለው ጀርባው ላይ ነው።

ጀርባው ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ነገር ተጠጋግቶ ካያችሁ ክሽክሽ ነው። ጎመን ክሽክሽ ሰም መሰል ዱቄት ይለብሳል፤ ስለዚህ ውኃ ብቻ ሲረጭበት ይንከባለልበታል። ገና ጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ቅጠሉን ቆርጦ መቅበር፣ ወይም በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ጀርባውን ማራስ ይሠራል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከላይ ብቻ ቢረጭ ዋጋ የለውም። ከክሽክሾቹ መካከል ያበጡና የደረቁ፣ ቡናማ የሆኑ ካሉ ደግሞ እባካችሁ ቆዩ። እነሱን ውስጣቸው ገብታ የበላቻቸው ትንሽ ተርብ አለች። ሥራውን ጀምራላችኋለች። መርዝ ከረጫችሁ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት፣ ክሽክሹ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ቅጠሉ ላይ እንደ መስኮት የሆነ፣ አንድ ወገን ልጡ ብቻ የቀረው ቀዳዳ ካለ ትንሽዬ አረንጓዴ ትል ፈልጉ። ስትነኩት ይንፈራገጣል፣ በክር ተንጠልጥሎም ይወርዳል። ይኼ ዳይመንድባክ ሞዝ የሚባለው የእሳት ራት ትል ነው። መቂና ዝዋይ አካባቢ ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ስለሱ ልትይዙት የሚገባችሁ ነገር ይኼ ነው፦ በዓለም ላይ መርዝ በመላመድ ከታወቁት ተባዮች ግንባር ቀደሙ ነው። ያንኑ መድኃኒት ደጋግማችሁ በረጫችሁ ቁጥር ደካማው ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፋል፣ የሚወልደውም እሱ ነው። «ባለፈው ዓመት ሠርቶልኝ ነበር፣ ዘንድሮ ውኃ ሆነ» የምትሉት ሁልጊዜ ሻጩ ስላታለላችሁ ላይሆን ይችላል። ለጓሮ መጠን ጠዋት ጠዋት በእጅ መልቀም ይቻላል። ከአቅም ካለፈ ቢቲ የሚባለውን፣ ትሉን ብቻ የሚያጠቃ ባክቴሪያ የያዘ ምርት ጠይቁ። እሱም ቢሆን ትሉ ትንሽ ሳለ፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ፣ የቅጠሉ ጀርባ እንዲርስ ተደርጎ ነው የሚረጨው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ተነስቶ፣ ሹሉ ወደ መሐል የሚያመለክት ባለ ሦስት ማዕዘን ቢጫ ካያችሁ፣ ውስጡ ያሉት ጅማቶች ደግሞ ከጠቆሩ፣ ጥቁር አበስብስ ነው። ለማረጋገጥ የቅጠሉን ዘንግ በቢላ አግድም ቁረጡት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ጉዳዩ አለቀ። ይኼን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፣ ፈንገስ አይደለም። ሆኖም በየሱቁ የሚሰጣችሁ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ ባክቴሪያ አይገድልም። በዚህ በሽታ ላይ የማንኮዜብ ጥቅል በጥቅል ላይ ሲደፋ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። የሚመጣው በዘርና በችግኝ ነው፣ የሚዛመተው በዝናብ ጠብታ፣ ከላይ በሚረጭ ውኃ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ መደቡ ውስጥ በምትመላለሱበት እጅና ልብስ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል ትክክል ነው፦ የታመመውን በዚያው ቀን ነቅላችሁ አስወግዱ። ከዚያ ወዲያ ውኃ ከሥር ብቻ አጠጡ። በዚያ መደብ ላይም ሁለትና ሦስት ዓመት ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሰናፍጭም ሆነ ጎመንዘር አትዝሩ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ሽንኩርት፣ ካሮት ወይም ባቄላ ይግባበት።

ይኼን ካልኩ አይቀር ስለ ክረምት ላንሳ፤ ሰው የማይጠረጥረው ትልቁ ስህተት እዚህ ነው ያለው። ከውጭ የሚመጣ የዘር ፓኬትና በስልካችሁ የምታዩት ቪዲዮ «ብሮኮሊ የክረምት አትክልት ነው» ይላል፣ ወይም ሰው እንዲህ ብሎ ተርጉሞ ይነግራችኋል። የእነሱ ክረምት ብርድ ማለት ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው! ይኼን ሰምቶ ሐምሌ ላይ የተከለ ሰው ተክሉን ለጥቁር አበስብስና ለሻጋታ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። የነሱን ብርድ የሚመስለው የእኛ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቁ በጋ ነው፣ በመስኖ። ደጋ ላይ መስከረም አጋማሽ መደብ ላይ ዘርታችሁ፣ ጥቅምት መጨረሻ ብታዛውሩ ለእኔ ጥሩ ጊዜ ነው። ቆላ ላይ ግን ብሮኮሊ ባትሞክሩ እመርጣለሁ። ሙቀት ሲበዛ ራሱ ይበታተናል፣ መሐሉ ቅጠል ያበቅላል፣ ሳይታሰብ ቢጫ አበባ ይፈነዳል። ይኼንንም «በሽታ» ብለው ይልኩልኛል።

ለነገሩ በሽታ ያልሆነው በሽታ ብዙ ነው። ብርድ ሲበረታ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ ማደጉን ካላቆመ ተዉት፣ ፀሐይ ሲመጣ ይመለሳል። ራሱ ላይ የሚታየው ወይን ጠጅ ቀለምም አይጎዳም፣ ሲቀቀል አረንጓዴ ይሆናል።

ራሱ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ሆኖ ሲቀር ግን ምንም አታተርፉም፣ ቆርጣችሁ ብሉት። መንስኤው ወር ከምናምን ወደኋላ ነው ያለው። ችግኙ መደብ ላይ ቆይቶ አርጅቷል፣ ወይም ገና ትንሽ ሳለ ብርድ፣ ረሃብ ወይም የውኃ ጥም መትቶታል። ተክል ሲጨነቅ ሳያድግ ለማበብ ይቸኩላል። ለዚህ ነው ከስድስት ሳምንት ያለፈ ችግኝ በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ የምለው። ዛሬ ላይ ሆናችሁ ቁልፍ በሚያህል ራስ ላይ ዩሪያ ብትደፉበት ኪሎ አይጨምርም።

ግንዱን ስትቆርጡ መሐሉ ባዶ ከሆነስ? ግድግዳው ነጭና ንጹሕ ከሆነ ናይትሮጅን በዝቶበት፣ ሰፊ ቦታም አግኝቶ ቶሎ ስላደገ ነው። በቀጣዩ ዩሪያ ቀንሱ፣ ተክሉን ቀረብ ቀረብ አድርጉ፤ ይበላል፣ ይሸጣል። ባዶው ውስጥ ቡናማ ከሆነ ግን ቦሮን ያነሰው ይመስላል። ከምታገኙት ማዳበሪያ ኤንፒኤስቢ የሚባለው፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «ቢ» ቦሮንን ነው የምታመለክተው። በደንብ የበሰለ ፍግም ይረዳል። ቦሮንን ለብቻው ገዝታችሁ በግምት አትበትኑ፤ በማነስና በመብዛት መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፣ ሲበዛ ራሱ መርዝ ይሆናል። አዲሱ ቅጠል ቀጥኖ እንደ አለንጋ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአፈሩን አሲዳማነት ነው። በዚህ አፈር ላይ ተክሉ ሞሊብዲነም የሚባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ ያቅተዋል። የደጋችን መሬት ብዙው አሲዳማ ስለሆነ አፈራችሁን ለማስመርመር ቀበሌያችሁ ያለውን የልማት ሠራተኛ ወጥራችሁ ያዙት። ኖራ ደግሞ ከተከላ በፊት እንጂ ተክሉ ከታመመ በኋላ የሚነሰነስ ነገር አይደለም።

ስለ ውርጭም አንድ ነገር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው የሚመጣው። ብሮኮሊ ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ድንቹ ሲጠቁር እሱ ቆሞ ያድራል። የሚጎዳው ራስ የያዘው ነው፤ በረዶ የመታው ራስ ውኃ የያዘ ይመስልና ከቀናት በኋላ ይበሰብሳል። ሰማዩን አይታችሁ ከጠረጠራችሁ በዚያ ቀን መሬቱን አጠጡ፣ ማታ ደግሞ ራሱን በገለባ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ አንሱ። ይኼም መድኃኒት የለውም፣ ሱቅ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ።

«አንተ ቢሮ ተቀምጠህ ንቀሉ፣ ገልብጡ ትላለህ፤ እኛ ተክሉ እየሞተብን ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ርጭት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ እኔ መርዝ ጨርሶ አይነካ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ብሮኮሊ ማለት የምንበላው እምቡጡን ነው። ያ ሁሉ ትንንሽ እምቡጥ የተረጨበትን ይይዛል፣ እንደ ጥቅል ጎመን የላዩን ቅጠል ገፍፋችሁ አትጥሉትም። ራስ ከያዘ በኋላ የረጨ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቆርጦ ገበያ ያወጣ ሰው አውቃለሁ። «ልጆችህ በሉት?» ስለው «ኧረ እኔስ አላበላቸውም፣ ለገበያ ነው» አለኝ። ገዝቶ የሚወስደውም ልጅ አለው፣ አልኩት። ዝም አለ።

በየመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ከርጭት እስከ መሰብሰብ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ተጽፏል። በቋንቋው ማንበብ ካልቻላችሁ የመለያውን ፎቶ ላኩልኝ። ይኼንን ፎቶ በደስታ ነው የምመልስላችሁ። መለያ የሌለው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ከሆነ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን እጃችሁን አታስገቡበት።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ ስትልኩልኝ አራት ፎቶ ይኑረው፦ መደቡ ሙሉ ከሩቅ፣ የታመመው ተክል ከነሥሩ፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ የተሰነጠቀ ግንድ። መደቡ ሲታይ ችግሩ ባንድ ጥግ ይሁን በሁሉም ላይ ይገባኛል፤ ባንድ ጥግ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ውኃውንና አፈሩን እጠይቃለሁ። በጽሑፍ ደግሞ መቼ እንደዘራችሁ፣ መቼ እንዳዛወራችሁ፣ በስንት ቀን እንደምታጠጡ፣ ባለፈው ዓመት እዚያ ላይ ምን እንደነበረ ጨምሩ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ በድምፅ ላኩ። ካሁን በፊት የረጫችሁት ነገር ካለም አትደብቁኝ፤ አልቆጣም።

አንድ ቅጠል ብቻ የላከልኝ ሰው «ንቀልና አሳየኝ» የሚል መልስ ብቻ ያገኛል፤ እንዳትቀየሙኝ። ዋናውን ራስ የቆረጣችሁ ደግሞ ግንዱን አትንቀሉት፤ ውኃና ትንሽ ፍግ ካገኘ ከጎን ትናንሽ ራሶች ያወጣላችኋል፣ ለቤት ወጥ የሚሆን።